የቀለበት ፋይል ሲያሠሩ ከሽፋኑ በፊት የሚለካው

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ በሚገኝ የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። የድርጅታችን ስምና ዓርማ የታተመበት 120 የቀለበት ፋይል ልናሠራ ነው። 60ው ለፕሮጀክት ርክክብ ሰነድ፣ 40ው ለምንሰጠው ሥልጠና መመሪያ፣ 20ው ደግሞ ለጨረታ ሰነድ ማቅረቢያ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሁሉንም በአንድ መጠን ብናሠራ ዋጋው እንደሚቀንስልን ነግሮኛል፤ ቀለበቱ 2 ይሁን 4፣ ክብ ይሁን የዲ ቅርጽ ያለው፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሆንም ወስኜ እንዳሳውቀው ይጠብቃል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ምላሽ፦ ማተሚያ ቤቱ ይህን ሁሉ መጠየቁ በጎ ምልክት ነው፤ ብዙዎች ምንም ሳይጠይቁ እጃቸው ላይ ያለውን ቀለበት ገጥመው ያስረክባሉ። ሁሉንም በአንድ መጠን የማሠራቱን ሐሳብ ግን አልደግፈውም። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ለርክክብ ሰነዱ 4 ቀለበት ያለው፣ ቅርጹ የዲ የሆነ፣ 50 ሚሊሜትር፤ ለሥልጠና መመሪያው 2 ቀለበት ያለው፣ ክብ፣ 25 ሚሊሜትር ያሠሩ። ለጨረታው የቀለበት ፋይል ጨርሶ አያሠሩ። የወረቀትዎ ብዛት ከገመትኩት የተለየ ከሆነ ሚሊሜትሩን ራስዎ ማስተካከል እንዲችሉ ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳለሁ።

ከብዛቱ እንጀምር። በዚህ ሥራ ላይ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው «ገጽ» እና «ቅጠል» የሚሉት ቃላት ሲምታቱ የሚፈጠረው ነው። አንድ ቅጠል ወረቀት በሁለት ወገን ከታተመ ሁለት ገጽ ነው፤ ቀለበቱ የሚሸከመው ግን ቅጠሉን እንጂ ገጹን አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ «180 ነው» ብለውኝ እኔም ገጽ መስሎኝ፣ ይህም 90 ቅጠል ስለሚሆን 16 ሚሊሜትር ቀለበት ያለው 200 ፋይል ሠራሁላቸው። ለካ 180 ቅጠል ማለታቸው ኖሯል። ወረቀቱ ሲገባ ቀለበቱ አፍ ለአፍ ሊገጥም አልቻለም፤ 200ውም ፋይል ተመለሰ። ጥፋቱ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ሥራ የጀመርኩት የእኔ ነበር። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ የሚጽፉለት ደብዳቤ ላይ ቁጥሩን «ቅጠል» ብለው ይግለጹ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በየቢሮው የምንጠቀምበት፣ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝነው ወረቀት የአንዱ ቅጠል ውፍረት በግምት 0.1 ሚሊሜትር ነው። 500 ቅጠል የሚይዘው አንድ ደስጣ ተጭኖ ሲለካ 5 ሳንቲሜትር ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። 100 ቅጠል 10 ሚሊሜትር፣ 200 ቅጠል 20 ሚሊሜትር ብለው ይያዙ። ከዚያ በኋላ ከቀለበቱ ስፋት አንድ አምስተኛውን ባዶ ይተዉ፤ ጢም ብሎ የሞላ ቀለበት ገጽ ሲገለጥ ወረቀቱን ቀዳዳው ላይ ይቀደዋል። በዚህ ስሌት 25 ሚሊሜትር ቀለበት በምቾት የሚይዘው 200 ቅጠል ያህል፣ 50 ሚሊሜትሩ ደግሞ 400 ያህል ነው። የዲ ቅርጽ ያለው ቀለበት ቀጥ ያለ ወገን ስላለው በተመሳሳይ ስፋት ከክቡ ትንሽ ይበልጥ ይይዛል፤ እኔ ግን ያንን ትርፍ እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ቦታ አልቆጥረውም።

የርክክብ ሰነድዎ ግን ተራ ወረቀት ብቻ አይደለም። በውስጡ የተጠናቀቀው ሥራ ንድፎች ይኖራሉ፤ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ በኤ3 ታትመው ወደ ኤ4 መጠን የሚታጠፉ ናቸው። አስተጣጠፉን ካላወቁት የፋይሉን መጠን ያሳስትብዎታል። ኤ3 ወረቀት ስፋቱ 420 ሚሊሜትር ነው። ከመካከል ለሁለት ቢያጥፉትና ቢበሱት ቀዳዳው በሁለቱም ንብርብር ላይ ያርፋል፤ ንድፉን ለማየትም ፋይሉን ከፍቶ ማውጣት ግዴታ ይሆናል። ትክክለኛው አስተጣጠፍ ከግራ ጀምሮ 125 ሚሊሜትር ላይ ወደ ግራ መልሶ ማጠፍ፣ ከዚያ 105 ሚሊሜትር ተመልሶ እንደገና ወደ ቀኝ ማጠፍ ነው፤ የሚቀረው 190 ሚሊሜትር የንድፉን ርእስና ቁጥር የያዘውን ጥግ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲታጠፍ በግራ በኩል 20 ሚሊሜትር የሚሆን አንድ ንብርብር ብቻ ለቀዳዳው ይተርፋል፤ አንባቢውም ንድፉን ከፋይሉ ሳያወጣ ወደ ቀኝ ስቦ ሊዘረጋው ይችላል።

አሁን ውፍረቱን እንመልከት። እንዲህ የታጠፈ ንድፍ ቀለበቱ ዘንድ አንድ ቅጠል፣ ወደ መካከል ሲጠጋ ደግሞ ሦስት ቅጠል ነው። 100 ንድፍ ያለው ፋይል በቀለበቱ በኩል 10 ሚሊሜትር ብቻ ይወስዳል፤ መካከሉ ግን በትንሹ 30 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እጥፋቱ አየር ስለሚይዝም ከዚያ ያልፋል። ቀለበቱ ገና ግማሹ ሳይሞላ ሽፋኑ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል፤ መደርደሪያ ላይም ሁለት ፋይል የሚያስገባውን ቦታ አንዱ ይይዘዋል። ስለዚህ ለርክክብ ሰነዱ ሲቆጥሩ እያንዳንዱን የታጠፈ ንድፍ እንደ 3 ቅጠል ይቁጠሩት። 50 ሚሊሜትር ያልኩዎትም 250 ቅጠል ያህል ጽሑፍና የፍተሻ ውጤት፣ 50 ያህል ንድፍ ይኖራል ብዬ ስለገመትኩ ነው። ከዚህ ከበለጠ ቀለበቱን ከማስፋት ይልቅ ሰነዱን በሁለት ቅጽ ይክፈሉት፤ አንድ የኤ4 ቅጠል 5 ግራም ስለሚመዝን 400ው ብቻ 2 ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ የጫኑት ፋይል አንድ ቀን ሪቬቱ፣ ማለትም የቀለበቱን ብረት የያዘው ምስማር፣ ከካርቶኑ ይነቀላል። ሰነድዎ በየፕሮጀክቱ ከ500 ቅጠል በላይ የሚሆን ከሆነና ከቢሮ የማይወጣ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጀርባው (መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጠባቡ ወገን) 8 ሳንቲሜትር የሆነው የተለመደው ባለማንሻ ቦክስ ፋይል ከማንኛውም የቀለበት ፋይል የተሻለ ያገለግልዎታል፤ ዓርማ ለማተም ሲባል ብቻ ባይተዉት መልካም ነው።

የቀለበቱ ቁጥር ብዙዎች እንደ ምርጫ ጉዳይ የሚያዩት ነገር ነው፤ ነገር ግን በኋላ ወረቀት ማን እንደሚጨምር የሚወስነው እርሱ ነው። በአገራችን ቢሮዎች ያለው ፐንቸር ባለ 2 ቀዳዳ ነው፤ የሁለቱ ቀዳዳዎች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 80 ሚሊሜትር፣ ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሐል ደግሞ 12 ሚሊሜትር ነው። ይህ አይሶ 838 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተደነገገ ልኬት ሲሆን፣ ዘሩ በ1886 በጀርመን ቦን ከተማ ፍሪድሪክ ሶኔከን ፐንቸሩንና ፋይሉን በባለቤትነት ካስመዘገበበት ዘመን የሚመዘዝ ነው። ባለ 4 ቀለበት ፋይል በዚሁ 80 ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ አራት ቀለበቶች አሉት። በአራት ቀዳዳ የተበሳ ወረቀት ባለ 2 ቀለበት ፋይል ውስጥ ያለችግር ይገባል፤ በሁለት ቀዳዳ የተበሳው ግን ባለ 4 ቀለበት ውስጥ አይገባም፤ ላይና ታች ያሉት ቀለበቶች ያልተበሳ ወረቀት ላይ ያርፉበታልና።

የርክክብ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ማንም በዘፈቀደ ወረቀት ሊጨምርበት አይገባም፤ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከባድም ነው። ክብደቱን በአራት ነጥብ የሚያካፍለው ባለ 4 ቀለበት ለእርሱ የተገባ ነው፤ በአጋጣሚ ወረቀት ለመጨመር አለመመቸቱም ጠቀሜታ እንጂ ጉድለት አይደለም። ለዚህ ድርጅቱ አንድ ባለ 4 ቀዳዳ ፐንቸር መግዛት ይኖርበታል። ሠልጣኞቹ በተቃራኒው የራሳቸውን ማስታወሻና በየዕለቱ የሚታደለውን ወረቀት በየቢሯቸው ፐንቸር በስተው ይጨምራሉ፤ ባለ 2 ቀለበት ካልሆነ ወረቀቱ ሳይበሳ በመካከሉ ተሰክቶ ይቀራል፤ ፋይሉ ሲነሳም ይበተናል። ከአሜሪካ ገንዘብ ሰጪ ወይም አጋር ድርጅት የሚመጣ ሰነድ ካለዎት ደግሞ ወረቀቱ ሌተር የሚባለው፣ 216 በ279 ሚሊሜትር የሆነውና በሦስት ቀዳዳ በ108 ሚሊሜትር ርቀት የተበሳው ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም ፋይል አይገጥምም፤ እንደገና መብሳት ወይም በኤ4 ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ ቅርጹ የምለው ጥቂት ነው። ክብ ቀለበት ብረቱ የፋይሉ ጀርባ ላይ ይመታል፤ ገጹ ያለችግር ይገለበጣል፤ ሲዘጋ ግን ወረቀቱ በቀለበቱ ጥምዝ ላይ ስለሚሄድ ጠርዙ ደረጃ ይሠራል። ሠልጣኙ ቀኑን ሙሉ ሲገልጥ ለሚውለው መመሪያ ይህ ምንም አይደለም። የዲው ብረት ግን በኋለኛው ሽፋን ላይ ይመታል፤ ወረቀቱ ቀጥ ባለው ወገን ላይ ተደርቦ ይቀመጣል፤ ፋይሉ ለዓመታት ቢቆምም አይንሸራተትም። የዲ ቀለበት አዘው ብረቱ ጀርባው ላይ ተመትቶ ከመጣልዎት አይረከቡት፤ እንዲያ ከሆነ የዲ ቅርጹ ጥቅሙን ሁሉ ያጣል።

የፕላስቲክ ኪስ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። ኪሱ ከኤ4 ወረቀት በ2 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሰፋ የተለመደው መከፋፈያ ካርቶን ከኪሱ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰፊ መከፋፈያና ሰፋ ያለ ሽፋን ማዘዝ ይኖርብዎታል። ሁለተኛው፣ ኪሱ ራሱ ሁለት ንብርብር ፕላስቲክ ስለሆነ ውፍረቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። እኔ በኪስ የማስቀምጠው ዋናውን የምስክር ወረቀትና ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ብቻ ነው። ሁሉን ወረቀት በኪስ ማስገባት ሰነዱን ያከበሩ ያስመስላል እንጂ አንባቢውን ያሰለቻል፤ ማስታወሻ መጻፍም አያስችልም።

ኪስ ሲገዙ ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን ይጠይቁ። ርካሹ ለስላሳ ፒቪሲ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ቀስ በቀስ ስለሚወጣ የፎቶ ኮፒና የሌዘር ማተሚያ ጽሑፍ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። ለወራት ተጭኖ የቆየ ፋይል ሲከፈት ፊደሎቹ ከወረቀቱ ተላቀው ፕላስቲኩ ላይ ተገልብጠው ሲነበቡ ማየት ያሳዝናል። ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ በአፋር ወይም በጋምቤላ ሳይት ላይ በመኪና ውስጥ የሚውል ፋይል ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። የሽፋኑም ነገር እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ሰነድ ከፒቪሲ ሽፋን ይልቅ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ግራጫ ካርቶን ላይ የታተመ ወረቀት ተለብጦ በላሚኔሽን ቢሸፈን እመርጣለሁ። የሚያብረቀርቀው ላሚኔሽን በቀላሉ ይጠረጋል፤ ማት የሚባለው የማያብረቀርቀው ደግሞ ጭረትና የጣት አሻራ ይይዛል፤ በተለይ ዓርማዎ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ። ሳይት ላይ ለሚውል ፋይል የሚያብረቀርቀውን፣ ለሥልጠናው ማቱን ብል አልሳሳትም።

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁሉንም በአንድ መጠን ማድረግ የፈለገበት ምክንያት ይገባኛል። የፊቱ ሽፋን፣ ጀርባውና የኋላው ሽፋን የሚታተሙት በአንድ ወጥ ወረቀት ላይ ነው፤ የጀርባው ስፋት ሲለወጥ ንድፉም ፕሌቱም (የማተሚያ ሰሌዳውም) ይለወጣል። የጀርባው ስፋት ደግሞ ከቀለበቱ ስፋት ጋር እኩል አይደለም፤ 25 ሚሊሜትር ቀለበት ያለው ፋይል ጀርባው 40 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ንድፍ ሠሪዎ ትክክለኛውን ልክ ከማተሚያ ቤቱ ሳይቀበል ሥራ አይጀምር። የተዘረጋው ሽፋን ለመታጠፊያው የሚተርፈውን ጨምሮ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ በብዙ ማተሚያ ቤቶች የምናገኘው ጂቲኦ 52 ማሽን ደግሞ የሚቀበለው ትልቁ ወረቀት 36 በ52 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ማሽን የሚሠራ ቤት ሽፋኑን ከሁለት ቁራጭ ይቀጥለዋል፤ ቅጥሉም የሚያርፈው መታጠፊያው አጠገብ፣ ማለትም ቶሎ በሚላጠው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ «በስንት በስንት ማሽን ነው የምታትሙት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለ40ና ለ60 ፍሬ የሚሆን ሥራ ከሆነ ደግሞ ፕሌት በማያስፈልገው ሰፊ ዲጂታል ማሽን ማሳተም የሁለት መጠኖችን ተጨማሪ ወጪ በእጅጉ ያቀለዋል። ዋጋ መቀነስ ካለብዎት ከቀለም ብዛት ይቀንሱ እንጂ ከብረቱ አይቀንሱ።

ሪቬቱ የሚያርፍበትንም ቦታ ንድፉ ላይ አስቀድመው ያስመልክቱ። ብረቱን ከካርቶኑ ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ሪቬቶች ጭንቅላታቸው በውጭ በኩል ይታያል፤ ክቡ ቀለበት ጀርባው ላይ ስለሚመታ የሥልጠና ፋይልዎ ስም በሚጻፍበት መሥመር ላይ ነው የሚያርፉት። ከድርጅት ስም መካከል አንዲት ፊደል ተበስታ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጀርባው ላይ ከዓርማውና ከድርጅቱ ስም በቀር ምንም አያትሙ፤ የፕሮጀክቱን ስም፣ የቅጹን ቁጥርና ዓመቱን የሚቀይሩበት ግልጽ ኪስ ይተዉ። የእኛ ፊደል ስፋቱ ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድሮ ከላይ ወደ ታች ሲጻፍ አያስጠላም፤ አንገትን ሳያጣምሙ ይነበባል። ዓመቱን ሲጽፉ ግን እባክዎ «2017» ብለው ብቻ አይተዉት። በአማካሪ ድርጅት ውስጥ ግማሹ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር፣ ከውጭ ተቋም ጋር የተደረገው ውል ደግሞ በፈረንጆቹ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መደርደሪያው ላይ «2017» የተባሉ ሁለት ፋይሎች ሲገኙ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። «2017 ዓ.ም.» ወይም «2017 እ.ኤ.አ.» የሚለውን መለያ በኪሱ ካርድ ላይ አስቀድመው ያሳትሙት።

ለጨረታው የቀለበት ፋይል አያሠሩ ያልኩት ገጽ በቀላሉ ስለሚወጣና ስለሚገባበት ነው። የጨረታ ሰነድ በኮሚቴ ፊት ሲከፈት አንድ ገጽ ቢጎድል ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ወይም በኋላ እንደወጣ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ተከራክሮ ማሸነፍም አስቸጋሪ ነው። በክር ተሰፍቶ ወይም በሙጫ ተጠርዞ፣ ገጾቹ ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎ ይቅረብ። ለ20ው ያሰቡትን ገንዘብ ለርክክብ ፋይሎቹ የተሻለ ብረት ያውሉት። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ዛሬ ለሠራተኛም ለታካሚም መዝገብ የምንጠቀምበት «ማኅደር» የሚለው ቃል በብራና መጽሐፍ ዘመን መጽሐፉ የሚከተትበት፣ በጠፍር የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ስም ነበር። መጽሐፉ ተሰፍቶ፣ በገበታ ተደጉሶ ካለቀ በኋላ ነው ማኅደሩ በልኩ የሚሰፋለት።

ከማዘዝዎ በፊት ከየዓይነቱ አንድ ያልታተመ ናሙና ያሠሩ። በናሙናው ውስጥ ባዶ ወረቀት ሳይሆን ካለፈው ፕሮጀክት የርክክብ ሰነድ እውነተኛውን፣ ከነታጠፈው ንድፉና ከነመከፋፈያው ያስገቡበት። ቀለበቱን በጣትዎ እየሳቡ አይክፈቱት፤ ላይና ታች ያሉትን መክፈቻዎች በአንድ ጊዜ ይጫኑ፤ በእጅ መሳብ ቀለበቱን ያጣምመዋልና ሠራተኞችዎም ይህንኑ ይልመዱ። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከፍተው ከዘጉት በኋላ ቀለበቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ በመስኮት ብርሃን አቅጣጫ ይመልከቱት፤ ከዚያም የአንድ ቅጠል ወረቀት ጫፍ በመገናኛው ላይ ያሳልፉ። ወረቀቱ ከገባ ወይም ከያዘ ያ ብረት ከጥቂት ወራት በኋላ ወረቀት ይቀድዳል። ፈተናውን ካለፈ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት መደርደሪያ ላይ ያቁሙት። ሰኞ ሲመለሱ የወረቀቱ የታች ጠርዝ መደርደሪያውን ነክቶ ካገኙት ወይም ሽፋኑ በሪቬቱ ዙሪያ ጎብጦ ከታየ፣ ናሙናውን ይዘው ወደ ማተሚያ ቤቱ ይሂዱና የሚቀጥለውን የብረት መጠን ወይም ወፍራሙን ካርቶን ይጠይቁ፤ ቅድሚያ ክፍያውንም እስከዚያ ያቆዩት።